ባለቤቱ ያልታየ ዳርቻ

ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ፥ ከተራራው ግርጌ ጀምሮ የተዘረጋውን ቆላ «በረሓ» ብሎ መጥራት በከተማችን የቆየ ልማድ ነው። ቃሉ በራሱ ነውር የለበትም፤ ዝናብ ያነሰበትን፥ ሙቀት የበዛበትን ምድር ከደጋው ለመለየት ያገለግላል። ነገር ግን በዕለት ተዕለት ንግግራችን ከበረሓ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «ባዶ» የሚለው ነው። «ከባቲ ወዲያ ባዶ ነው» ይባላል። «ሰው የለበትም፤ እንደ ልብ ነው» ይባላል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚመረምረው ይህንኑ አነጋገር ነው። ባለቤቱ በዓይን ስላልታየ ብቻ ባዶ ሊባል የሚገባው አገር በእውነት አለን? ለዕረፍት ብሎ ወደዚያ የሚወርድስ ሰው ምን ይባላል? እንግዳ ነውን፥ ጌታ ነውን፥ ወይስ ከሁለቱ አንዱንም ያልሆነ አላፊ አግዳሚ?

ጥያቄው ለመጻሕፍት ብቻ የሚቀርብ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ፥ መኪና ያለው ወይም ከወዳጁ መዋስ የሚችል ቤተሰብ ድንኳንና ውሃ ጭኖ፥ ልጆቹንና አሮጊት እናቱን ይዞ፥ ከአስፋልቱ ወጥቶ ውሃ ዳር ሁለት ሦስት ሌሊት ሰፍሮ ለመመለስ ሲሰናዳ እናያለን። ደግ ነገር ነው። ዓመቱን በቢሮ ወንበር ላይ የጨረሰ ሠራተኛ፥ የጠመኔ ብናኝ ሲተነፍስ የከረመ መምህር፥ ሰማይ ሰፍቶ በሚታይበት ስፍራ ቢያርፍ ማን ይነቅፈዋል? እኛም በአንድ የጥር ወር ከነቤተሰባችን ወደዚያ ወርደናልና የምንጽፈው ከሰማነው ብቻ ሳይሆን ከረገጥነውም ምድር ነው።

ለኮምቦልቻ ሰው የባሕር ዳርቻ ማለት ብዙ ዘመን አሰብ ማለት ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው መንገድ ከአሰብ ተነሥቶ የአፋርን ምድር አቋርጦ፥ በባቲ በኩል ሽቅብ ወጥቶ ኮምቦልቻ ላይ ያርፋል፤ ከተማችንም ጎማ ጠጋኙን፥ ምግብ ቤቱን፥ ጋራዡን ያፈራችው በዚሁ መንገድ እንጀራ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ሆነች፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ። ስለዚህ ከአሰብ ተመልሰው የባሕሩን ሽታ ለልጆቻቸው የሚተርኩት ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። ከሚሌ አልፎ ውሃ ዳር መስፈር የሚሻ ቤተሰብ አሁን ፊቱን የሚያዞረው ወደ አፍዴራ ሐይቅ ነው። አፍዴራ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፥ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተከቦ የተኛ ጨው ውሃ ነው። በዳርቻው ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ በመካከሉ ያለችው ትንሽ ደሴትም በዓለም ካሉት ደሴቶች ሁሉ ዝቅተኛዋ ናት ይባላል። በሐይቁ ከሚገኙት ጥቃቅን ዓሦች መካከልም ከዚያ በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ አሉ። ባዶ ለተባለ አገር ይህ ብቻውን ትንሽ አይደለም።

ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰኞ ቀን በባቲ ገበያ ያለፈ ሰው ከባቲ ወዲያ ስላለው ባዶነት ለመናገር ምላሱ ሊይዘው ይገባ ነበር፤ የደጋው አማራ እህሉን፥ የአካባቢው ኦሮሞ ከብቱንና ሸቀጡን፥ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ የሚገናኝበት ገበያ ነውና። ያ ሁሉ ግመል ከባዶ ስፍራ አልመጣም። ከባቲ ወደ ሚሌ ሲወረድ ከመንገዱ በስተ ቀኝም በስተ ግራም የሚታየው ግራርና ጠጠር ነው፤ ነገር ግን በኅዳር 1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አጽም የተገኘበት ሐዳር ከዚያ አይርቅም። የ3 ሚሊዮን ዓመት ታሪክ ያለውን ምድር «ሰው የለበትም» ብሎ ማለፍ የመኪና መስኮት ያመጣው ጥበብ ነው። መስኮቱ ባለቤቱን የማያሳየው ባለቤቱ ስለሌለ ሳይሆን መኪናው ስለሚፈጥን ነው።

እንግዲህ «ባዶ» የሚለው ቃል ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1862 ዓ.ም. ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል ጣሊያናዊ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ የአሰብን ዳርቻ ከአካባቢው ሱልጣኖች ገዛ። በ1874 ዓ.ም. ዳርቻውን የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ወሰደው፤ ስምንት ዓመት ሳይቆይ ያ ጥቂት አሸዋ ኤርትራ ለተባለው ቅኝ ግዛት መነሻ ሆነ። ሳፔቶ ቢያንስ ገንዘብ የሚቀበለው ባለቤት እንዳለ አምኗል ይባል ይሆናል። ዳሩ ግን ሻጭና ገዢ «መሬት መሸጥ» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው ነበርን? ግመሉን ውሃ ለማጠጣት በየወቅቱ ወደዚያ የሚወርደውን እረኛስ ማን ጠየቀው?

ከዚህ የቀረበ ምሳሌም አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በታችኛው አዋሽ፥ በተንዳሆ፥ ለጥጥ እርሻ ሰፊ መሬት ታረሰ። መሬቱን በክረምት ያየ ሰው ባዶ ነው ቢል አይፈረድበትም፤ እረኛው በዚያ ወራት መንጋውን ይዞ ዝናብ ወደ ዘነበበት ሜዳ ይሄዳልና። በበጋ ግን ሣር የሚገኘው በወንዙ ዳር ብቻ ስለሆነ ተመልሶ የሚመጣው ወደዚያው ነበር። ስለዚህ አንድ አገር ባዶ መሆን አለመሆኑ አንዳንድ ጊዜ በየትኛው ወር እንደታየ የሚወሰን ነገር ነው። በ1970ዎቹም እንደዚሁ «ምድረ በዳውን እናልማ» ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃም ዛፍ ግጦሹን ወርሶ፥ እረኛውን ከገዛ ሜዳው አስወጥቶት ይገኛል። የተከሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ያዩት ግን ዛፍ የሌለበትን መሬት እንጂ ሣር ያለበትን መሬት አልነበረም።

ይህን ነገር በጥልቀት ካሰቡት ፈላስፎች አንዱ ከተወለደባት ከተማ አካባቢ ርቆ ያልሄደ ሰው መሆኑ ያስገርማል። አማኑኤል ካንት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው አነስተኛ መጽሐፍ ስለ መንገደኛ መብት ይናገራል። አሳቡን በአጭሩ ብናቀርበው እንዲህ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ሰዎች ያለ ወሰን ተበታትነው ሊኖሩ አይችሉም፤ ውሎ አድሮ መገናኘታቸው የግድ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰው ወደ ሌላው አገር በሰላም ቢመጣ እንደ ጠላት ሊቈጠር አይገባውም። ነገር ግን ይህ የመጐብኘት መብት እንጂ የመስተናገድ መብት አይደለም፤ ይልቁንም የመውረስ መብት አይደለም። ካንት በዚሁ ቦታ የዘመኑን የኤውሮፓ መርከበኞች አጥብቆ ይነቅፋል፤ የደረሱበትን አገር ሁሉ ጌታ እንደሌለው አድርገው የሚያዩት ነዋሪዎቹን ከቁጥር ስለማያገቡ ነው ይላቸዋል። እኛም ይህን ስናነብ «ባዶ» የሚለው ቃል ስለ መሬት የሚናገር መስሎ ስለ ሰው የሚናገር መሆኑን እናስተውላለን።

ወደ አፍዴራ እንመለስ። ሚሌን፥ ሎግያንና ሰመራን አልፈን፥ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሰችው ከሰርዶ ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከአስፋልቱ ስንወጣ ሾፌራችን ከጎማው ጥቂት አየር አስተነፈሰ፤ አሸዋ ላይ የሞላ ጎማ ይሰምጣል። ሰውየው የባቲ ተወላጅ ሲሆን አፋርኛ እንደ እናቱ ቋንቋ ይናገራል። ከሐይቁ ዳር ስንደርስ ልጆቹ ወደ ፍል ውሃው ሮጡ። እርሱ ግን ድንኳኑን ከማውረዱ በፊት መሬት መሬቱን እያየ ወዲያ ወዲህ ይመላለስ ጀመር። አመድ ይፈልጋል፤ የፍየል በጠጥ ይፈልጋል፤ ድንጋይ ተከምሮ ካየ መቃብር እንዳይሆን ዞሮ ይመለከተዋል። በመጨረሻ «እዚህ ከብት የሚወርድበት መንገድ ነው፤ ፈቀቅ እንበል» አለ። ከቤተሰባችን መካከል የልጆቹ አጎት፥ በጠባዩ ቀልደኛ የሆነ ሰው፥ «አሁን ደግሞ ከማን ልናስፈቅድ ነው? ከድንጋዩ?» ብሎ ሳቀ። ሾፌሩም ሳይቈጣ «ጋሼ፥ ድንጋዩም ያያል» አለው። እኛም ወደላይ ፈቀቅ ብለን ሰፈርን።

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ የጽሑፋችን ክርክር ሁሉ አለ። አጎትየው የሚለው፥ ግዴታ የሚጀምረው ሰው ከፊታችን ሲቆም ነው፤ የማናየውን ሰው ልናከብር አንችልም ነው። ሾፌሩ የሚለው ግን፥ ግዴታ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰውየው ነገ ከብቱን ነድቶ ሲመጣ መንገዱ ተዘግቶ እንዳያገኘው ዛሬ እርሱ በሌለበት ማሰብ ይገባል ነው። የትኛው ትክክል ነው? በከተማ ሕይወት የአጎትየው አሳብ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አጥር አለ፥ በር አለ፥ የባለቤቱን ስም የያዘ ማኅደር በማዘጋጃ ቤት አለ። አጥር በሌለበት አገር ግን ሰውን የምናከብረው ወይም የምንንቀው ፊቱን ከማየታችን በፊት ነው፤ ጨዋነትም በእውነት የሚፈተነው ያን ጊዜ ይመስለናል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ አፋር ሽማግሌ በትሩን በትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። ወደ ድንኳኑ አልገባም፤ ከሩቅ ቆሞ ጠበቀ። ሾፌሩ ሄዶ እጁን ጨብጦ አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነው። ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ እየተጠያየቁ ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት እንደጣለ፥ ሣር የት እንደበቀለ፥ ማን እንደታመመ፥ በመንገድ ላይ ምን ዓይነት ባዕድ ሰው እንደታየ። የሰማም በተራው ለሚያገኘው ሰው የማድረስ ግዴታ አለበት፤ በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። ውሃና ግጦሽ በሩቅ ለሚገኝበት ሕዝብ ትክክለኛ ወሬ እንደ ስንቅ ነው።

አጎትየው «ምን ያህል ይነጋገራሉ?» እያለ ሰዓቱን ሲመለከት የልጆቹ አያት፥ የወረኢሉ ሴት ናቸውና፥ ነገሩ ቶሎ ገባቸው። እኛም ወሎዬዎች ሰላምታችን አጭር አይደለም፤ ልጁን፥ ከብቱን፥ አዝመራውን፥ ጐረቤቱን ሳንጠይቅ ወደ ጕዳይ አንገባም። አያትየው ሻይ አፍልተው ስኳሩን አብዝተው አስላኩለት፤ «አባቴ ዝናብ ጣለላችሁ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» ብለውም ሾፌሩን አዘዙት። ሽማግሌው ሻይውን ጠጥቶ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶም አንድ ልጅ ወተት ይዞ መጣ። አጎትየው ደስ ብሎት ገንዘብ ከኪሱ ሲያወጣ ሾፌሩ ቀስ ብሎ «ጋሼ፥ ይቆዩ። ሰውየው እንግዳ ተቀበለ እንጂ ወተት አልሸጠም» አለው።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። ገንዘብ ርኩስ ነው ማለታችን አይደለም። መንገድ ለመራው፥ ዕቃ ለጠበቀው፥ ግመሉን ላከራየው ሰው ዋጋውን መክፈል ፍርድ ነው፤ ይህን ቸል ብሎ «እንግዳ ነኝ» እያለ በነጻ የሚበላ መንገደኛ ቀማኛ ነው። ነገር ግን የሰጠንን ሰው ወዲያው በገንዘብ ስንመልስለት ብዙ ጊዜ የምናደርገው ውለታ መመለስ ሳይሆን ሚዛኑን መገልበጥ ነው። እርሱ አስተናጋጅ፥ እኛ ተስተናጋጅ የነበርነው ነገር ይቀርና እኛ ሰጪ፥ እርሱ ተቀባይ ይሆናል። ከረሜላ ከመኪና መስኮት ለሕፃናት መበተንም እንዲሁ ነው። ሰጪው ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል፤ ሕፃኑ ግን በአባቱ አገር ላይ እጁን መዘርጋት ይማራል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ልንሸሸው አይገባም። «ምድር የእግዚአብሔር ናት፤ ዜጋም በአገሩ ላይ እንደ ልቡ የመዘዋወር መብት በሕግ ተሰጥቶታል፤ በየተራራውና በየሐይቁ ባለቤት እየፈለግን ፈቃድ ስንለምን ልንኖር ነውን?» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለበት። ሰውን ሁሉ በትውልድ መንደሩ አጥሮ «ከዚህ ወዲያ ያንተ አይደለም» የሚል አስተሳሰብ አገርን እንዴት እንደሚያቈስል በዘመናችን ያየነው ነው። ስለዚህ መንገዱ ለሁሉ ክፍት ይሁን እንላለን። ነገር ግን ወደ አንድ ስፍራ የመድረስ መብትና በዚያ ስፍራ እንደ ጌታ የመሆን መብት ሁለት ናቸው። የደረሰ ሰው ግራሩን ለማገዶ ይቆርጣልን? የላስቲክ ቆሻሻውን ጥሎ፥ ግመል በልቶት ሲሞት እርሱ ኮምቦልቻ ገብቶ ይሆናልን? በጨው ሜዳ ላይ በመኪና እየተሽከረከረ ልጆቹን ሲያስቅ ያበላሸውን መሬት ማን ይጠግነዋል? በሕግ የተሰጠው መብት ለእነዚህ መልስ የለውም።

ከሌላ ሰው ይልቅ ይህን ነገር የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ሊያውቀው ይገባል። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ በከተሞቻችን ባለፈ ጊዜ፥ ብዙ ቤተሰብ በሩን ቈልፎ ወይም ሳይቈልፍ፥ ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ወጣ። ሲመለስ ያገኘውን ሁላችንም እናውቃለን። በሩ ተሰብሮ፥ ሣጥኑ ተገልብጦ፥ ከመደርደሪያ ላይ ያልታሰበ ዕቃ እንኳን ሄዶ ነበር። የአንዳንዱ ቤት በታጠቀ ሰው፥ የአንዳንዱ ቤት ግን በሚታወቅ ሰው ተወስዷል፤ ተወቃሹ ሲጠየቅም «ሰው አልነበረበትም፤ ባዶ ነበር» ይላል። ያን ጊዜ ማንኛችንም ባለቤቱ ያልታየ ቤት ባለቤት የለውም የሚለውን አነጋገር አልተቀበልንም። ይህ ፍርድ ግንብና ቆርቆሮ ላለው ቤት ከሠራ፥ በሰሌን ተሠርቶ በግመል ጀርባ ለሚጓዝ ቤት የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? ባለቤቱ የሄደው በጦርነት ምክንያት ሳይሆን በሣር ምክንያት ስለሆነ ነውን?

«ሩቅ» ስለሚለውም ቃል ጥቂት እንበል። አፍዴራን ሩቅ ዳርቻ የምንለው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ቈጥረን ነው። ነገር ግን ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ፥ የአሰብ ጨው ከቀረ በኋላ፥ የሐይቁ ውሃ በዳርቻው በተቈፈሩት ኩሬዎች እየተነነ የሚሰጠው ጨው በአገሪቱ ወጥ ቤቶች ሁሉ ገብቷል። ከዚያም በፊት ቢሆን ከአፋር ቆላ በግመል የሚወጣው አሞሌ ለአያቶቻችን ጨውም ገንዘብም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የእኛው ቦርከና ኮምቦልቻን አጥቦ ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ከፋብሪካና ከቄራ የምንለቀው ሁሉ በዚያው ምድር ሄዶ ያርፋል ማለት ነው። እንግዲህ ገና ድንኳን ሳንጭን፥ ከቤታችን ወጥ ሳንወጣ፥ የዚያ አገር ሰዎች እንግዶች ከሆንን ቆይተናል፤ ጥሩ እንግዶች መሆናችንን ግን እንጠራጠራለን።

ሦስተኛው ሌሊት ሲያልፍ ድንኳኑን ነቅለን ቆሻሻችንን በጆንያ ጭነን ተመለስን። ከሚሌ ስንደርስ ሻይ ለመጠጣት ከመንገድ ዳር ቆምን። አንድ የማናውቀው አፋር ወደ ሾፌሩ ቀርቦ እጁን ከጨበጠው በኋላ መጠየቅ ጀመረ፤ ሾፌሩም ዘወር ብሎ እየሳቀ ተረጐመልን። «ከሐይቁ ዳር የሰፈራችሁት እናንተ ናችሁ? ከከብት መንገድ ላይ ፈቀቅ ያላችሁት? ሻይ ያፈሉት አሮጊት ደኅና ናቸው?» የልጆቹን ቍጥር፥ የድንኳኑን ቀለም፥ በየትኛው ሌሊት ነፋስ እንደነፈሰብን ሳይቀር ከእኛ ቀድሞ ደርሶት ነበር። አያትየው «ደኅና ናቸው በለው፤ የእርሱስ ልጆች ደኅና ናቸው?» አሉ። ሾፌሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እኛም ሁለተኛ ሻይ አዘን ወሬው እስኪያልቅ ጠበቅን።